ከኒቅያ እስከ ሆሳዕና፤ ስለ ቅድስት ሥላሴ የተነሣው ጥንታዊ ክርክር

በሀዲያ አገር ያለችው የሆሳዕና ከተማ ጥንት ዋቸሞ ትባል ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የራስ አባተ ቧያለው መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግን ይህን የወንጌል ስም ተሸክማ ትኖራለች። ስሙን የሚጠራው ሁሉ፥ በአውቶቡስ ተራ ቆሞ «ሆሳዕና፥ ሆሳዕና» እያለ መንገደኛ የሚሰበስበው ወጣት ጭምር፥ ቃሉ ጸሎት መሆኑን ሁልጊዜ አያስታውስም። ዳሩ ግን ጸሎት ነው፤ ትርጓሜውም «እባክህ አድነን» ማለት ነው።

በኢየሩሳሌም የነበሩት ሕፃናት ይህን ጸሎት ያቀረቡት በአህያ ውርንጫ ላይ ተቀምጦ ለሚመጣው ነበረ። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይጠይቃል፤ ማዳን የእግዚአብሔር ገንዘብ ከሆነ በውርንጫዪቱ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው ብንል፥ ሌሊት ወደ ተራራ ወጥቶ የሚጸልየው ወደ ማን ነበር? ከእግዚአብሔር ያነሰ ነው ብንል ደግሞ «አድነን» መባሉ እንዴት ይገባዋል? የቤተ ክርስቲያን አባቶች በመጀመሪያዎቹ አራት መቶ ዓመታት የደከሙበት፥ የተሰደዱበት፥ እርስ በርሳቸውም የተወጋገዙበት ጥያቄ ይኸው ነው። ከተማዪቱ ሳታውቀው ጥያቄውን በስሟ ይዛዋለች።

ይህን የምንጽፈው ስለ ጥንቱ ብቻ ለመተረክ አይደለም። በሆሳዕና፥ በዱራሜ፥ በአንጋጫ፥ በሺንሺቾ፥ በዶዮገናና በሀደሮ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች ይህን ክርክር በመጽሐፍ ሳይሆን በቡና ረከቦት ዙሪያ ያውቁታል። የእኛ ምእመናን በዚያ አገር ጥቂቶች ናቸው። በ2007 (በእኛ አቆጣጠር 1999) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሀዲያ ሕዝብ ከአራቱ ሦስቱ ያህል፥ በከምባታና ጠምባሮም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነኝ ያለ ሲሆን፥ ኦርቶዶክሱ በሁለቱም ዞን ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር። ስለዚህ ጎረቤቱ፥ የዕድር ጓደኛው፥ የልጁ አስተማሪ፥ ብዙ ጊዜም አማቹ ከሌላ እምነት ነው። ጥያቄ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ይገባናል። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ማኅበር በ1928 ወደ ሆሳዕና አገር ከደረሰ በኋላ የተስፋፉት አብያተ ክርስቲያናት፥ እነ ቃለ ሕይወትና በኋላም የመጣው መካነ ኢየሱስ፥ በብዙ ነገር ከእኛ ቢለዩም በሥላሴ ነገር የኒቅያን እምነት ይቀበላሉ። ካቶሊካውያኑም እንዲሁ ናቸው። በዚህ አገር ሥላሴን በግልጥ የማይቀበለው ክርስቲያን ነኝ ባይ ክፍል ሌላ ነው፤ እርሱም ሕዝቡ በልማድ «ኦንሊ ጂሰስ» የሚለው፥ ራሱን ግን የኢትዮጵያ ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ብሎ የሚጠራው ነው። ትምህርቱ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በ1913 በተደረገ ጉባኤ ከተነሣ የጥምቀት ክርክር የተወለደ ሲሆን፥ በ1916 ያመኑበት ሰባክያን ሥላሴን ከሚያምኑት ጴንጤቆስጣውያን ተለይተው ወጡ። ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በ1960ዎቹ ነው፤ በሀዲያና በከምባታም ብዙ ተከታይ አገኘ። እንዲህ ሲሆን በሆሳዕና የምናየው ነገር ያስገርማል፤ በሌላ ነገር ሁሉ ከእኛ ጋር የሚከራከረው የቃለ ሕይወት ሰባኪ፥ በዚህ ነገር ግን አትናቴዎስን እየጠቀሰ ከእኛ ጎን ይቆማል።

አሁን ወደ ጥንቱ እንመለስ። አንባቢ ሆይ፥ ሰባልዮስን ሳታውቅ ይህን ክርክር ልታውቀው አትችልም።

ሰባልዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮም ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ጭንቀቱ ክፉ ጭንቀት አልነበረም። በዙሪያው ያሉት አሕዛብ ብዙ አማልክት ስለሚያመልኩ፥ ክርስቲያኖችም ሦስት አማልክት ያመልካሉ እንዳይባል ፈራ። ስለዚህ አብ፥ ወልድ፥ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ አካል ሦስት ስሞች ናቸው አለ፤ ያው አንዱ በመፍጠር ጊዜ አብ ተባለ፥ በማዳን ጊዜ ወልድ ተባለ፥ በመቀደስ ጊዜም መንፈስ ቅዱስ ተባለ ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ለመናገር ቀላል፥ ለመስማትም ጣፋጭ ነው። የሮሙ ጳጳስ ካሊስጦስ አወገዘው። ከእርሱ ቀደም ብሎ እንዲህ ያስተማሩትን ሰዎች ጠርጡልያኖስ የተባለው የአፍሪካ ጸሐፊ ሲወቅሳቸው፥ ቃላቸው እስከ መጨረሻው ቢሄድ አብን ራሱን በመስቀል ላይ ሰቀሉት ማለት ይሆናል ብሎ አሳያቸው።

በዚህ ነገር ላይ ከሊቃውንቱ ክርክር ይልቅ ለእኛ ለቤተ ሰቦች የሚቀርበን የጥምቀት በዓል ነው። በጥር 11 ቀን ታቦት አጅበን ወደ ውኃ የምንወርደው በዮርዳኖስ የሆነውን ለማሰብ ነው። በዚያ ወልድ በውኃው ውስጥ ቆሞ ነበር፥ አብ ከሰማይ ተናገረ፥ መንፈስ ቅዱስም በርግብ አምሳል ወረደ። ሰባልዮስ በዮርዳኖስ ዳር ቢቆም ኖሮ ምን ይል ነበር? አንዱ አካል ስሙን እየለዋወጠ ቢሆን፥ በአንዲት ቅጽበት በውኃው ውስጥ ቆሞ ከሰማይ ስለ ራሱ መናገሩ ለራሱ የሚናገር ድምፅ ብቻ ይሆናል። በጌቴሴማኒ ላብ እያላበው የጸለየውም ጸሎት ሰሚ የሌለው ጸሎት ይሆናል። በልጆቻችን ፊት ይህን ክርክር በዚህ በኩል መጀመር፥ ከግሪክ ቃላት ከመጀመር እጅግ የሚሻል ይመስለናል። በዓሉን ያውቁታልና።

ሰባልዮስ ቢወገዝም ትምህርቱ በሊቢያ ባሉት አምስት ከተሞች ሥር ሰደደ። እነርሱንም ይጠብቅ የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድዮናስዮስ (ከ247 እስከ 264 የነበረው) ሊያርማቸው ተነሣ። አብና ወልድ አንድ አካል አለመሆናቸውን ለማስረዳት የገበሬንና የወይንን፥ የመርከብ ሠሪንና የመርከብን ምሳሌ አመጣ። ሰሚዎቹ ግን ደነገጡ፤ መርከብ የሠሪዋ ሥራ ናትና፥ ወልድ ፍጡር ነው ሊለን ነው ብለው በዚያው ስም ወደሚጠራው ወደ ሮሙ ድዮናስዮስ ከሰሱት። የእስክንድርያውም አባት ምሳሌው ደካማ መሆኑን አምኖ፥ ቃሉን አቃንቶ ጻፈ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንዱ ገደል የሚሸሽ ሰው ሳያውቀው በሌላው ገደል አፋፍ እንዴት እንደሚቆም ያሳየናል፤ ድዮናስዮስ አፋፉን አይቶ ተመለሰ። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የተነሣው ቄስ ግን አልተመለሰም።

እርሱም አርዮስ ነው። በ318 ገደማ በእስክንድርያ ከጳጳሱ ከእለ እስክንድሮስ ጋር ክርክር ገጠመ። አርዮስ አዋቂ፥ ሥጋውን የሚጎስም፥ አነጋገሩም የሚማርክ ሰው ነበር። ለእለ እስክንድሮስ በጻፈው ደብዳቤ ከሰባልዮስ ትምህርት የራቀ መሆኑን ያስረዳል፤ ሰባልዮስ አካላትን ሲያዋሕድ እርሱ ባሕርይን ለየ። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም የተፈጠረ ነው፥ ያልነበረበት ጊዜም ነበር አለ። ይህንንም በዜማ አድርጎ ለመርከበኛው፥ ለወፍጮ ፈጪው፥ ለመንገደኛው ሰጠው፤ ሕዝቡ በየሥራው ላይ ያዜመው ጀመር። በዛሬዎቹ ከተሞቻችን መዝሙር በየቤቱና በየመኪናው ከድምፅ ማጉያ ሲወጣ ለሚሰማ ሰው ይህ የአርዮስ ብልሃት እንግዳ አይሆንበትም። ሕዝብ ከስብከት ይልቅ ዜማን ያስታውሳል፤ ዜማውም በውስጡ ያለውን ትምህርት ይዞ ይገባል።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፥ ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት ወዐሠርቱ ወሰመንቱ የምትላቸው 318 አባቶች፥ አርዮስን አውግዘው የሃይማኖትን ጸሎት ደነገጉ። ከ14ቱ ቅዳሴያችንም አንዱ በስማቸው ይጠራል። የደነገጉትም ቃል ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚል ነበረ፤ ግሪኮቹ ሆሞኡስዮስ አሉት፥ የእኛ አባቶችም በግእዝ በመለኮቱ ከአብ ጋር «ዕሩይ» ብለው ተረጎሙት። የጉባኤው ጉዳይ በዚያ የተፈጸመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የከፋው። ብዙ ጳጳሳት፥ አርዮስን የማይወዱት ሳይቀሩ፥ ያችን ቃል ፈሯት፤ ሰባልዮስን በጓሮ በር የምታስገባ መሰለቻቸው። በመካከሏ አንዲት ፊደል ጨምረው «በባሕርይ የሚመስል» የሚል ትርጉም የሰጧት ነበሩ። ነገሥታቱም እንደ ነፋስ አቅጣጫ ተለዋወጡ። በ328 በእለ እስክንድሮስ ወንበር የተቀመጠው አትናቴዎስ እስከ ዕረፍቱ እስከ 373 ድረስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ፤ የስደቱም ዘመን ሲደመር 17 ዓመት ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን የሚደርሰውን የዚህን ክርክር ጫፍ እንያዝ። ፍሬምናጦስን፥ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነበር። አርዮሳውያንን የሚደግፈው ንጉሥ ቁንስጣንጥዮስ አትናቴዎስን ካሳደደ በኋላ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሣይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፥ በአትናቴዎስ ፈንታ የተሾመው ጊዮርጊስ ሃይማኖቱን ይመርምረው የሚል ነበረ። ይህን ደብዳቤ ራሱ አትናቴዎስ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ጠብቆ አስተላልፎልናል። ፍሬምናጦስም በመንበሩ እንደ ቆየ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1969 በአክሱም የተገኘው በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም ንጉሡ በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል መታመኑን በግልጥ ይናገራል። በዚያ ዘመን የሮም ንጉሥ ራሱ ያንን ቃል በሙሉ ልብ ሊናገር የማይደፍር ነበረ።

ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በቁስጥንጥንያ ስላየው ሲጽፍ፥ ገንዘብ ለመመንዘር የሄደ ሰው ስለ ተወላዲና ስለ ኢተወላዲ እንደሚሰበክለት፥ የዳቦ ዋጋ የጠየቀም ወልድ ከአብ ያንሳል የሚል መልስ እንደሚያገኝ ያስረዳናል። በሆሳዕና ገበያ የዋለ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

ክርክሩ ለምን ያን ያህል ረዘመ? አንዱ ምክንያት የቃል ድህነት ነው። ለአካልና ለባሕርይ የተለየ ስም ገና አልተወሰነም ነበር። አንዱ ወገን «ሦስት ሂፖስታሲስ» ሲል ሌላው ሦስት አማልክት ማለቱ መሰለው፤ ሌላው «አንድ ሂፖስታሲስ» ሲል የመጀመሪያው ሰባልዮስ ተመለሰ ብሎ ጮኸ። በ362 በእስክንድርያ በተደረገው ጉባኤ አትናቴዎስ ያደረገው ሥራ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚደነቅ ይመስለናል። ሁለቱን ወገኖች አቁሞ፥ «በዚህ ቃል ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሲመልሱለትም ብዙዎቹ በልዩ ልዩ ቃል አንድ እምነት ሲናገሩ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ባስልዮስና ሁለቱ ጎርጎርዮሶች ቃላቱን ለዩ፤ አንድ ባሕርይ፥ ሦስት አካላት ተባለ። በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶችም መንፈስ ቅዱስን ፍጡር ነው ያለውን የመቅዶንዮስን ትምህርት አውግዘው የሃይማኖቱን ጸሎት ፈጸሙት።

ይህ የቃል ችግር በሀዲያና በከምባታ ልጆች ዘንድ ዛሬም አለ። ልጁ በቤቱ ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ ይናገራል፥ ከቤቱ ወጥቶ አማርኛ ይሰማል፥ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ ይደርስበታል። «አካል» የሚለው ቃል በዕለት አማርኛ እጅና እግር ያለውን ገላ ያመለክታል። ስለዚህ «ሦስት አካል» ሲባል ሦስት ገላ ይታየዋል። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሦስት ሽማግሎች በአንድ መልክ ተቀምጠው፥ በአራቱ ማዕዘን አርባዕቱ እንስሳ ቆመው ሲያይ ሐሳቡ የጸና ይመስለዋል። ሊቃውንቱ ግን በአካል ሲሉ ገላን ማለታቸው አይደለም፤ «እኔ» ብሎ የሚናገር፥ ለራሱ የቆመ ማለታቸው ነው። ሦስትነቱ በስም፥ በአካል፥ በግብር ነው፤ ግብርም የአብ መውለድ፥ የወልድ መወለድ፥ የመንፈስ ቅዱስ መሥረጽ ነው። አንድነቱ ደግሞ በባሕርይ፥ በመለኮት፥ በፈቃድና በሥልጣን ነው። ሥዕሉም ሦስቱን አንድ መልክ አድርጎ የሚሥለው ማንም ማንን በዕድሜ ወይም በክብር እንደማይቀድም ለማስተማር ነው፤ አርዮስ የካደውን ቀለም ይናገረዋል።

በአገራችንም ይህ ክርክር አልቆመም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ1424 በፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢር ሰባልዮስንና አርዮስን ጨምሮ መናፍቃንን በየተራ ይከራከራቸዋል፤ በንጉሡ በዳዊት ዘመንም ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር በሥላሴ ነገር ፊት ለፊት ተከራክሯል። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ራሱ የሃይማኖት መምህር ሆነ። በመጽሐፈ ሚላድና በመጽሐፈ ብርሃን ዘሚካኤልንና ተከታዮቹን ያወግዛል። የክርክሩም ጫፍ የምናውቀው የፀሐይ ምሳሌ ነበረ። እነ ዘሚካኤል አንዲት ፀሐይ፥ ክበቧ፥ ብርሃኗና ሙቀቷ የሚለውን ሲይዙ፥ ንጉሡ ይህ አካላቱን ያደበዝዛል ብሎ ሦስት ፀሐይ በአንድ ብርሃን የሚል ምሳሌ አቆመ። የዘሚካኤልን ቃል አብዝተን የምናገኘው በባላጋራው ብዕር መሆኑን ግን መርሳት አይገባንም። ንጉሡም ተከራክሮ ብቻ አልተወም፤ ቅጣቱ የከበደ ነበረ፤ አትናቴዎስ በ362 እንዳደረገው «ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ በዝግታ የጠየቀ ሰው በዚያ አደባባይ ቢኖር በወደድን ነበር።

በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ የሀዲያ ልጅ ነበረች። ንግሥት እሌኒ የሀዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ናት፤ በእስላም ቤት ተወልዳ፥ ተጠምቃ፥ የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ሆነች። የዚያ ዘመን ሀዲያ ከዛሬው ዞን የሰፋ፥ ወደ ምሥራቅም የዘረጋ አገር እንደ ነበረ እናስታውሳለን፤ ስሙና ሕዝቡ ግን የዛሬዎቹ ሀዲያዎች የእኛ የሚሉት ነው። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ንጉሡ በእደ ማርያም ግን እንደ እናቱ አከበራት። ከዘርዐ ያዕቆብ እስከ ልብነ ድንግል ድረስ ስድስት ነገሥታት አየች፤ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳለም መንግሥቱን ትመክር ነበር፥ በ1509 ገደማም አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርሷ ናት።

ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ሳለ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት ለፖርቱጋላዊው ሊቅ ለዳሚያዎ ዴ ጎይስ አስረዳው፤ ሊቁም በ1540 በሎቬን ከተማ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ንግሥት እሌኒ በግእዝ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሰች ይነግረናል። አንዱ እንዚራ ስብሐት ይባላል፥ በእርሱም ስለ ሥላሴና ስለ እመቤታችን ድንግልና በጥልቅ ዕውቀት ተናግራለች። ሁለተኛው በፀሐይ ጨረር ስም የተጠራ ሲሆን ስለ እግዚአብሔር ሕግ የተጻፈ ጠለቅ ያለ ክርክር ነው። የፀሐይ ምሳሌ ሰውን ከሰው ባጣላበት አደባባይ የኖረች ሴት መጽሐፏን በፀሐይ መሰየሟን ስናስብ ዝም ብለን ለማለፍ አልቻልንም።

በሆሳዕናና በዱራሜ ሥላሴን የማመን ነገር ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ንግግር አልፎ አልፎ ይሰማል። ከእሌኒ ታሪክ ጋር ይህን ንግግር ማስታረቅ አስቸጋሪ ነው። ሎስ አንጀለስ ከተማ ከመባሏ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የሀዲያ ልጅ ስለ ሥላሴ መጽሐፍ ጽፋለች።

ወደ ቤታችን እንግባ። ልጅ «ሦስቱ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ደክሟቸው ከሥራ የገቡ ወላጆች በቅን ልብ የሚሰጡት አንድ መልስ አለ፤ «እኔ በቤት አባትህ ነኝ፥ በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፥ ለአያትህም ልጃቸው ነኝ፤ ሰውዬው ግን አንድ ነኝ» ይላሉ። የውኃ፥ የበረዶና የእንፋሎት ምሳሌም እንዲሁ ይነገራል። ወገኖቻችን ሆይ፥ ይህ ሁለቱም የሰባልዮስ ምሳሌ ነው። ልጁ በዚህ አድጎ «ኦንሊ ጂሰስ» የሚያስተምረውን ሲሰማ፥ አባቴም የሚለው ይህንኑ ነው ቢል አንፈርድበትም። በአንጻሩ «አባት፥ እናትና ልጅ አንድ ቤተ ሰብ ናቸው» የሚለው ወደ ሦስት አማልክት ያዘነብላል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ በዚያ መንገድ ሄዶ ተወግዟል።

አባቶች የሰውን ልብ፥ ቃልና እስትንፋስ፥ የፀሐይንም ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ይመስላሉ፤ ብርሃኑ ከክበቡ ይወጣል እንጂ ክበቡ ተለውጦ ብርሃን አይሆንም፥ ክበቡም ያለ ብርሃን የነበረበት ሰዓት የለም። በአንደኛው ቃል ሰባልዮስ፥ በሁለተኛው አርዮስ ይመለሳሉ። ሆኖም መምህራኑ ይህን ሁሉ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ»፥ የሚያጎድል ምሳሌ፥ ይሉታል። ዘርዐ ያዕቆብ የፈራው ጉድለት እውነት ነበረና፤ ብርሃንና ሙቀት «እኔ» አይሉም። ስለዚህ ምሳሌውን ከነጉድለቱ መስጠት፥ ወዲያውም የዮርዳኖሱን ታሪክ ማስከተል ይበጃል።

በዚያ አገር ከሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብን የሚከፍለው ግን የጥምቀት ነገር ነው። በ40 ቀኑ ወይም በ80 ቀኗ በሥላሴ ስም የተጠመቀ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ፥ ብዙ ጊዜም ለትዳር ሲታጭ፥ «በኢየሱስ ስም ብቻ» እንደገና ተጠመቅ ይባላል። የሚጠቀሰው ጥቅስ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 2 ቁጥር 38 ያለው ነው። እናት ታለቅሳለች፥ አባት ሰርጉ ላይ አልገኝም ይላል፥ ዕድሩም ለሁለት ይከፈላል። ለዚህ ጥያቄ በ375 ገደማ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ መልሶበታል፤ ክርስቶስን መጥራት ቀቢውን አብን፥ ቅቡዑን ወልድን፥ ቅብዐቱንም መንፈስ ቅዱስን ማመን ነው እንጂ የጥምቀቱን ቃል ማሳጠር አይደለም ይላል። ጌታችን ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ቁጥር 19 ያዘዘው ቃል ታውቋል፤ በዚያም «ስም» የሚለው በነጠላ ተነግሮ ሦስቱን መጥራቱን ልብ ይሏል። ዲዳኬ የተባለው፥ ከሐዋርያት ዘመን እጅግ ያልራቀው ጥንታዊ የሥርዐት መጽሐፍም ጥምቀትን በሦስቱ ስም ያዛል።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ፤ እንዲህ ሄዶ የተጠመቀ ልጅ ተጸጽቶ ቢመለስ እንደገና ይጠመቃልን? አይጠመቅም። የ381ዱ አባቶች በሃይማኖት ጸሎት ጥምቀት አንዲት መሆኗን ደንግገዋልና፥ የሕፃንነት ጥምቀቱ አልጠፋበትም። ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ ካህኑም ኑዛዜውን ተቀብሎ፥ ቀኖናውን ሰጥቶ፥ ለከዱና ለተመለሱ የተሠራውን የመጽሐፈ ቄደርን ጸሎት ያደርስለታል፥ በውኃውም ይረጨዋል። ቀኖናውን ሲፈጽም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። የንስሐ አባት የሌለው ቢሆን ወላጆቹ ወደ አጥቢያቸው ካህን ይዘውት ይሂዱ፤ ከጋብቻው ቀን አስቀድመው ቢሄዱ ይሻላል፥ ቀኖናው ጊዜ ይጠይቃልና።